ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ፤ ኤች አይ ቪ፣ እድርና መንግሥት በአራዳ

ስለ ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ነው። ፖሊሲው በዚህ ዓመት ጸደቀ፣ ብሔራዊ ምክር ቤቱ በዚህ ዓመት ተቋቋመ፣ ለጋሾች ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ፈቀዱ ይለናል። ሐሰት የለበትም። ሆኖም ፖሊሲም፣ መድኃኒትም፣ ፈጣን መመርመሪያም ባልነበረባቸው ዓመታት የታመመውን ማን አስታመመው፣ የሞተውንስ ማን ቀበረው፣ የተረፈውን ልጅስ ማን አጎረሰው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ይህን ለማወቅ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መዝገብ ይልቅ ወደ አንድ አሮጌ ሰፈር መውረድ ይሻላል። እኔ የመረጥሁት የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን አካባቢ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነ አንባቢ አድልዎ ቢጠረጥር አልቀየምም። ነገር ግን የጊዜው ሁኔታም ያስገድደኛል። በ2016 ዓ.ም. የአራዳ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የምርመራውንና የድጋፉን አገልግሎት ከሃያ ዓመት በላይ በትከሻው ተሸክሞት የኖረው የአሜሪካ ገንዘብ በድንገት ተገታ። ሰዎቹ ከሰፈራቸው፣ አገልግሎቱም ከገንዘቡ በተለያዩበት በዚህ ጊዜ፣ አገልግሎቱ ከመኖሩ በፊት ምን እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል።

ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። በምኒልክ ዘመቻ ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት እኚህ ሰው፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ሹመት ሲሰጥ የጦር ሚኒስትር ሆነው በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ። ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸው ነበር። ገበያው አራዳ ላይ በነበረበት ዘመን ድልድዩ ወደ ገበያው መግቢያ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ካዛወሩት በኋላ ደግሞ የሁለቱ መሸጋገሪያ ሆነ። ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው መንገደኛ ሁሉ የሚተላለፍበት በር ነው ማለት ይቻላል። በፒያሳ ዙሪያ ደግሞ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ከሁሉም በላይ ደጃች ውቤ በረሃ ነበሩ። ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን የሌሊት ሕይወት መናኸሪያ እንደነበር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ዘፈኑም ወጉም ሞልቷል። በዘፈኑ ውስጥ የማይገኙት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ገጠር ያለ ዕድሜያቸው ተድረው፣ ከትዳር ሸሽተው ወይም ተፈትተው የመጡ፣ በጠላ፣ በጠጅ፣ በአረቄ ሽያጭ ጀምረው በቡና ቤት የቀሩ ሴቶች። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን የሴተኛ አዳሪነት ታሪክ ሲጽፉ የከተማ መስፋፋትን፣ የወታደር ሰፈርንና የጣሊያንን ወረራ ከዚህ ጋር አያይዘው ያሳዩት በከንቱ አይደለም። በሽታው ሲመጣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀው ነበር።

ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። አራዳ ከቸነፈር ጋር ስትተያይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ። በከተማዋ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ ቀረ። ከዚያ ዘመን የወረስነው የኅዳር 12ቱን የቆሻሻ ማቃጠል ልማድ ነው፤ በየዓመቱ ከተማዋ በጭስ ትታፈናለች፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ወጣት ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ ወረርሽኝን የሚጠባበቅ የከተማ ጤና ተቋም አልተወለደም። ጭሱ ብቻ ቀረ። እኔ የኤች አይ ቪን ታሪክ ሳስተምር ከዚህ የምጀምረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተከማችቶ ከቆየ የደም ናሙና በኋላ እንደተረጋገጠው ቫይረሱ በ1976 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። የደርግ መንግሥት በ1977 ዓ.ም. ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ኤድስን የሚከታተል መምሪያ ከፈተ። በዚያ ረኀብና በዚያ ጦርነት መካከል ይህን ማሰቡ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል እላለሁ፤ ደርግን የማመስግንባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ስላልሆኑ አንባቢ ይታገሠኝ። በ1981 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች መካከል በተደረገ ሰፊ ጥናት ከአራቱ የአንዷ ያህል ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሙስሊሙ ጉባኤና ቀይ መስቀል ያሉበት ኦሳ የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ሕይወት ትረስት የሚባለው ኮንዶም በየሱቁ መሸጥ ጀመረ፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ገዢውም አንገቱን ደፍቶ ይቀበል እንደነበር አስታውሳለሁ።

መልእክቱ ግን ከመነሻው የተበላሸ ነበር። የዚያን ዘመን ፖስተሮች ያየ ሰው አይረሳቸውም፤ የራስ ቅል፣ አጥንቱ የወጣ ሰው፣ «ኤድስ ገዳይ ነው»፣ «መድኃኒት የለውም»። ማስፈራራት ጥንቃቄን ይወልዳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የወለደው ግን መሸሽን ነው። ያልተመረመረው ሕዝብ የራሱን መመርመሪያ አወጣ። ፊት ወይም ወገብ ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ተፈረደበት። የከሳ ተፈረደበት። ባል የሞተባት ሴት ተፈረደባት። በየቤቱ «ሳንባው ነው»፣ «ቲቢ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» ይባል ነበር፤ ሰሚውም እንዳመነ ሆኖ ይመለስ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስጠይቀው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞው ሠራዊት አባል ተበትኖ በየመንገዱ ፈሰሰ፤ ከፊሉ ልመና ወጣ፣ ከፊሉ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ማንም አልመረመረው፣ ማንም አልመከረው። ሥልጣን ለክልሎች ሲከፋፈል ማዕከላዊው የኤድስ መምሪያ ሠራተኛውንና አቅሙን አጣ፤ ክልሎቹ ደግሞ ገና ቢሮ እየተከራዩ ነበር። የኤች አይ ቪ ፖሊሲ ረቂቅ ዓመታትን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ቆይቶ የጸደቀው በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች በተጠኑ ሴተኛ አዳሪዎች መካከል ከአሥሩ ከሰባት በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ነበረባቸው። ከሩብ ወደ ሦስት ሩብ! ይህ በአሥር ዓመት ውስጥ የሆነ ነው። ያልተማከለ አስተዳደርን በመርህ ደረጃ የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ሥልጣን ሲወርድ ባለሙያውና በጀቱ አብሮት ካልወረደ ግን ውጤቱ ኃላፊነትን መበተን ብቻ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ፖሊሲው በጸደቀ ሰሞን ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ገጠምን፤ እንደገና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከቤቱ ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት ድልድዩ አካባቢ የነበረው ተቋም ምን ነበር? እድር ነበር።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ሦስት የእድሩ መዝገቦች ከሌላ ወረቀት ጋር እጄ ገቡ፤ የእድሩ ሰዎችም እንዳነባቸው ፈቀዱልኝ። የሰው ስም አልጠቅስም። መዝገቡ ሞትን ሲጽፍ የሚጽፈው የሟችን ስም፣ ቀኑን፣ የተከፈለውን ገንዘብና የወጣውን ድንኳን ነው፤ የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ቢሆንም ታሪክ አንባቢ ዓምድ የሌለውንም ነገር ያነባል። በ1970ዎቹ ገጾች የሚበዙት «የአባል እናት»፣ «የአባል አባት» ናቸው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «አባል ራሱ»፣ «የአባል ልጅ» እየበዛ ይመጣል። ባል ይጻፋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ሳያልፍ ሚስት ትጻፋለች፤ ከዚያ የቤቱ መዋጮ በአንድ የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስም ይቀጥላል። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ እንደ ወትሮው የተስተካከለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የቅርብ ጓደኛቸው በተጻፈበት መስመር፣ ቀለሙ ፈስሷል።

በቃለ ጉባኤው ውስጥ ያገኘሁት ክርክር ደግሞ ለእኔ ከብዙ የፖሊሲ ሰነድ ይበልጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ አባል ተነሥቶ፣ ለቀብር የምንከፍለውን ገንዘብ ግማሹን ሰውየው በሕይወት ሳለ ለምን አንሰጠውም ሲል ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ ይቃወማሉ፤ እድር ለሞት የቆመ ነው፣ ለሕመም ከከፈልን ገንዘቡ አልቆ ሬሳ ሜዳ ላይ ይቀራል ይላሉ። ፍርሃታቸው የሚናቅ አልነበረም፤ በዚያ ወቅት እድሩ በወር ውስጥ ከአንድ በላይ ድንኳን የሚተክልበት ጊዜ ነበር፤ ካዝናውም ባዶ እየሆነ ነበር። ነገሩ በሦስት ስብሰባ ተንከባለለ። በመጨረሻ «በረዥም ሕመም ላይ ላለ አባል» ግማሹ ገንዘብ በቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ወላጅ ያለቁበት ቤትም መዋጮ ሳይከፍል አባልነቱ እንዲጸናለት ተወሰነ። ኤድስ የሚለው ቃል በሦስቱ መዝገቦች ውስጥ አንድ ጊዜም አልተጻፈም። በዚያ ሰሞን በከተማዋ ብዙ እድሮች ተመሳሳይ ውሳኔ ወስነዋል፤ ኋላም መንግሥትና ለጋሾች «እድርን በኤድስ መከላከል ማሳተፍ» የሚል ፕሮጀክት ይዘው መጡ። እድሩ ግን ቀድሞ ተሳትፎ ነበር።

ይህን ስል እድርን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የሌሉ ሰዎች አሉ። ከድልድዩ በላይ ባሉት ቡና ቤቶች ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድሩት ሴቶች የእድር አባል አልነበሩም፤ ቋሚ አድራሻ የላቸውም፣ ስማቸውም ብዙ ጊዜ የራሳቸው አይደለም። እነርሱ ሲታመሙ ያስታመሟቸው አብረዋቸው የሚሠሩት ናቸው፤ በቡና ላይ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገሯ በአውቶቡስ የሚሸኟት ጊዜ ነበር፤ ሳትደርስ የሞተች እንደነበረችም ልጅ ሆነን እንሰማ ነበር። ስለ እነርሱ መዝገብ የለም። በዚያ ዘመን ራሳቸውን ለሕዝብ ገልጠው የወጡት እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ያሉት፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ባይኖሩ ኖሮ የዚህ በሽታ ፊት አሁንም የራስ ቅል ሆኖ በቀረ ነበር። እነዚያ ሰዎች በትምህርት ቤት አዳራሽ ቆመው «እኔ አለብኝ» ሲሉ አከራይ እንደሚያባርራቸው፣ ዘመድ እንደሚክዳቸው እያወቁ ነበር። የዚህች አገር የሲቪል ማኅበረሰብ ታሪክ ሲጻፍ የፖለቲካ ድርጅቶች ከሚያገኙት ገጽ ጥቂቱን ለእነርሱ ብንሰጥ ምን ነበረበት?

የሞቱን ብዛት በቁጥር ያወቅነውም በመንግሥት መዝገብ አልነበረም። በኢትዮጵያ የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በ1993 ዓ.ም. ወደ መቃብር ሄዱ። በአዲስ አበባ ባሉ የቤተ ክርስቲያን፣ የሙስሊምና የማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብሮች ሰዎች ተመድበው የሚቀበረውን ሁሉ፣ ዕድሜውንና ጾታውን፣ ቀባሪ ዘመድ ስለ ሕመሙ የሚለውን መመዝገብ ጀመሩ፤ ከፊሉን ቤት ድረስ እየሄዱ ቤተሰቡን ጠየቁ። ውጤቱ በሥራ ዕድሜ ላይ ካለው ሟች ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኤድስ የሞተ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። አንድ ዋና ከተማ የራሷን ሕዝብ ሞት ለማወቅ የመቃብር ጠባቂ መጠየቅ ሲኖርባት ምን ማለት እንደሆነ ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎቼ እተወዋለሁ።

መንግሥት ሲመጣ ግን በጥድፊያ መጣ። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤድስ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ1994 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቆመ፤ የዓለም ባንክ፣ ቀጥሎ ግሎባል ፈንድ፣ ቀጥሎ የአሜሪካው ፔፕፋር ገንዘብ መጣ። በከተማዋ ጤና ቢሮ ሥር ያሉ ጤና ጣቢያዎች በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የደም ምርመራ ክፍል ከፈቱ። ቀድሞ ደም በክንድ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ይመጣ ነበር፤ ብዙ ሰው ውጤቱን ሳይወስድ ይጠፋ ነበር። ፈጣኑ መመርመሪያ ይህን ለወጠው። ከጣት ጫፍ የተወሰደ ጠብታ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ የመጀመሪያው ምልክት ካሳየ በሁለተኛ ዓይነት መመርመሪያ ማረጋገጥ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ በሦስተኛው መዳኘት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መንግሥትና ዜጋ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ዜጋው ተራ ቁጥር እንጂ ስም ሳይጠየቅ፣ መንግሥት ደግሞ በአንዲት ነርስ ተመስሎ «ዝግጁ ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀበት ሌላ አጋጣሚ በታሪካችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። በቀበሌ ለምዝገባ፣ ለመዋጮና ለስብሰባ እንጂ ለሌላ ነገር ተጠርቶ ለማያውቅ ትውልድ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከክፍሉ ውጪ ደግሞ 952 የሚባለው የወገን የስልክ መስመር ነበር፤ ስሙን ሳይናገር የፈለገውን የሚጠይቅበት። በሬዲዮ የቀን ቅኝት የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ሲተላለፍ በየሱቁ በራፍ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ብዙ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ የሚሌኒየሙ ዘመቻ መጣ፤ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ተመረመሩ፤ ጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሰውም በባለሙያው አነሣሽነት እንዲመረመር ተደረገ። ለዘመቻው ያለኝ አስተያየት የተከፈለ ነው። ምርመራን ከነውርነት ወደ ተራ ነገር ያወረደው እርሱ ነው። ነገር ግን ዘመቻ ኮታ ይዞ ይመጣል፤ ኮታ ሲመጣ ምክሩ ያጥራል፤ «ዛሬ ስንት መረመራችሁ?» የሚለው ጥያቄ «ስንቱ በወጉ ተመከረ?» የሚለውን ይውጠዋል። የእኛ መንግሥታት፣ ሁሉም ማለቴ ነው፣ ዘመቻ የሚሉትን ነገር ከተቋም አብልጠው ይወዳሉ።

መድኃኒቱ በገንዘብ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የሚወስደው ያለው ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያለው ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ኖሮ ባልና ሚስት ማን ይውሰድ ብለው የተከራከሩበትን ቤት አውቃለሁ። በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተስፋ እንጦጦ ላይ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ወደ ጠበሉ ወጥተው፣ በላስቲክ ቤትና በኪራይ ጎጆ ወራትን ይቀመጡ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ አዲስ ጭንቅ ተፈጠረ፤ ክኒን የሚውጥ እምነት ጎደለው የሚል ድምፅ ስለነበር ብዙዎች ጀምረው አቋረጡ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በግልጽ ተናገሩ። በእርሳቸው የፓትርያርክነት ዘመን ላይ ብዙ ተብሏል፣ እኔም ከሚተቹት ወገን ነበርሁ፤ ይህ ንግግር ግን ስንት ነፍስ እንዳተረፈ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የመቃብር መዝገቦቹም መሰከሩ፤ ነጻው መድኃኒት በመጣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ በከተማዋ በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። በአባቴ መዝገብ ውስጥም «የአባል እናት»፣ «የአባል አባት» እንደገና ይበዛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የስኬት ታሪክ ነው፤ ስኬትም የራሱን ዝምታ ያመጣል። በ2008 ዓ.ም. የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ የቫይረሱ ስርጭት 0.9 በመቶ ነበር፤ በአዲስ አበባ 3.4 በመቶ። ብሔራዊው አሐዝ ከአንድ በታች መውረዱ ብዙ ተወራለት፤ የከተማዋ አሐዝ ከሦስት በላይ መሆኑ ግን ብዙም አልተወራለትም። ክበባቱ ተዘጉ፣ ፖስተሮቹ ደበዘዙ፣ ጽሕፈት ቤቱም ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የማስተምራቸው ልጆች ስለ ኤች አይ ቪ የሚያውቁት ወላጆቻቸው በዕድሜያቸው ከሚያውቁት ያነሰ ነው። ሳይንሱ ግን ሩቅ ሄዷል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ለተጋላጮች ከመያዝ በፊት የሚወሰድ መከላከያ ክኒን አለ፤ እናት ለልጅዋ እንዳታስተላልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሁሉ ለማያውቅ ወጣት ኤች አይ ቪ ወይ የሞተ ታሪክ ነው፣ ወይ አሁንም ያ የራስ ቅል ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን ነው ሁለቱ ነገሮች የመጡት። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ስም ብቻ ሆኑ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ስለ ኮሪደሩ ውበትና ስለ ካሣው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ እዚህ የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ ካርዱ ያለበት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ከአራዳ ወደ ዳር ከተማ የሄደች፣ በቀን ሥራ የምትኖር ሴት፣ ለአንድ ጠርሙስ ክኒን የሁለት ታክሲ መንገድና የአንድ ቀን ገቢ ትከፍላለች። ወደ አዲሱ ሰፈር ጤና ጣቢያ በደብዳቤ መዘዋወር ይቻላል፤ ግን እዚያ አዲሶቹ ጎረቤቶች ያዩኛል ብላ ትፈራለች። አሮጌው ሰፈር ያውቃት ነበር፤ እድሩም ያውቃት ነበር፣ ያም ጉዳይ አልቆ ነበር። የእኛ እድር ራሱ አሁን አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ተበትነው በስልክ የሚሰበሰብ ሆኗል።

ቀጥሎ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ሕይወት አድን መድኃኒት እንዲቀጥል በቀናት ውስጥ ፈቃድ ቢሰጥም በዕርዳታው ተቀጥረው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል በጤና ሚኒስቴር ትእዛዝ ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን ስሟንም ቦታዋንም የማልጠቅሳት፣ ከጥንት የማውቃት ነርስ ዘንድ ሄድሁ። «ዶክተር፣ ግቡ» ስትለኝ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ የሕክምና ዶክተር መጣ ብለው ብድግ አሉ፤ የታሪክ ዶክተር መሆኔን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የጎደለው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «መድኃኒቱ አለ» አለችኝ፤ «የሄዱት ኬዝ ማናጀሮቹ ናቸው።» እነዚህ አብዛኞቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ቀጠሮ ያሳለፈን ሰው ስልክ ደውለው፣ ካልተነሣ ቤቱ ሄደው የሚመልሱ ሰዎች ነበሩ። «እኔ አርባ ካርድ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ያልመጡ ሰዎች ካርድ፤ ማንን ልላክ?» አለች። ከአርባው ስንቱ ቤቱ የፈረሰበት እንደሆነ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «አድራሻው ላይ የተጻፈው ሰፈር የለም እኮ፣ እንዴት አውቃለሁ?» ብላ መለሰችልኝ።

ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከተማዋ ለአንድ የመንገድ ዳር ፏፏቴና መብራት ከምታወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስፈልገው የኬዝ ማናጀር ሥራ በከተማዋ ጤና ቢሮ የሥራ መደብ መዋቅር ውስጥ በራሷ በከተማዋ በጀት እንዲገባ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት በውል ሲንጠላጠል የኖረ ሥራ ነውና። ሁለተኛም፣ የፈረሱ ሰፈሮች ሕሙማን ካርድ ወደ የት እንደተዛወረ ወይም እንዳልተዛወረ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቁጠር። የነርሷ አርባ ካርዶች ሳያቸው በጎማ ታስረው፣ ከመስኮቱ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ፣ በቀጠሮ ቀን ቅደም ተከተል ተደርድረው ነበር።